ዛፉ ምን አጠፋ? የፍጥረት መልካምነት በጋሞ ደጋ ታሪክ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው ሲጀመር የአባያና የጫሞ ሐይቆች ሙቀት፣ የሙዝና የማንጎ ማሳ አለ። ዳገቱ ሲገፋ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ዶርዜ ሲደረስ ሰው ሁሉ ጋቢውንና ቡልኮውን ደርቦ ይታያል። ከዚያ በላይ ያለው አገር የእንሰት፣ የገብስና የቀርከሃ አገር ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ጫፍ እስከ ጫፍ በታረሰው ተዳፋት መካከል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ዛፎች ብቅ ይላሉ፤ ጽድ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባ። ሌላው ደን ለእርሻና ለማገዶ ሲያልቅ እነዚህ ቀርተዋል።

በአጋጣሚ አልቀሩም። በጋሞ ደጋ ዛፍ የተጠበቀው በእምነት ምክንያት ነው፤ ኋላም ምሳር የተነሣበት በእምነት ምክንያት ነው። የዛፎቹን ታሪክ መከተል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያስቀመጠው ትምህርት በአንድ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደ ተፈተነ ማየት ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነው።

ከጽሑፍ ታሪክ በፊት የነበረው የጋሞ ሥርዓት በደሬ፣ ማለትም በአገር፣ የተደራጀ ነበር። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ወሰን፣ የራሱ ካዎ (ንጉሥ)፣ የራሱ መሰብሰቢያ ነበረው። መሰብሰቢያው ዱቡሻ ይባላል፤ ክርክር የሚሰማበት፣ ሕግ የሚነገርበት፣ እርቅ የሚወርድበት ሣር የለበሰ አደባባይ ነው። ከካዎው ሌላ ሃላቃ አለ። ሃላቃው ተመርጦ፣ ሕዝቡን አብልቶ አጠጥቶ፣ ቅቤ በራሱ ላይ ተደርጎለት ሹመቱን ይቀበላል፤ በሹመት ዘመኑም ለአገሩ ደኅንነት ሲል ከብዙ ነገር ይታቀባል። የሁሉ ፈጣሪ ፆሳ በላይ እንዳለ ይታመናል። መሥዋዕቱ ግን በአብዛኛው ለአባቶች መንፈስና ለቦታ መንፈስ ይቀርብ ነበር፤ የሚቀርብበትም ስፍራ ጥብቅ ደኑ ነው።

ደኑን ያስከበረው ጎሜ ነው። ጎሜ የተከለከለውን ማፍረስና ማፍረሱ የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ ዝናብ ይጠፋል፣ ሴቲቱ አትወልድም፣ ላሟ ትነጥፋለች፣ እህሉ ይመታል። በጥብቅ ደን ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው፤ በብዙ ቦታ የወደቀ ቅርንጫፍ ማንሣትም እንዲሁ። ፖሊስና ዘብ በሌለበት ዘመን ይህ ክልከላ ለትውልዶች ሠርቷል። በደኑ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፣ በዳሩ አባቶች ይቀበራሉ፣ ከብቱም ሰውም ከዚያ ውኃ ይጠጣል። የጋሞ ሰው አገሩን ሲያርስ የኖረው ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ለይቶ ነው።

ክርስትና ወደዚህ አገር የመጣው ብዙዎች ከሚገምቱት ቀድሞ ነው። ከጨንቻ በስተ ሰሜን የምትገኘው ብርብር ማርያም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እንደ ቆየች ትውፊት ይናገራል። በእ.ኤ.አ. 1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ በግዕዝ የጻፈው አባ ባሕርይም የጋሞ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በጋሞ መጽሐፍ የሚያነብና የሚጽፍ ካህን ከነበረ፣ የሥነ ፍጥረት ትምህርትም አብሮት ነበር ማለት ነው።

ያ ትምህርት ምን ይል እንደ ነበር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጽሐፈ ኩፋሌንና ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት የሚናገረውን አክሲማሮስን ተከትለው ፍጥረትን ሃያ ሁለት ብለው ይቆጥራሉ። እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አራት። የማክሰኞዎቹ ሦስቱ የምድር ልብስ ናቸው፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት። የጨንቻ ገበሬ ይህን ቢሰማ ጓሮውን የሚያይ ይመስለዋል፤ ጎመኑ፣ ገብሱ፣ ጽዱ። ሰው የመጣው መጨረሻ ላይ ዓርብ ነው፤ ሥጋው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እሑድ ከተፈጠሩት ከአራቱ ባሕርያት ተሠራ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት መሠረት ሰው ለምድር ባዳ አይደለም። ከእርሷ የተወሰደ ነው፣ ሹመቱም በእርሷ ላይ ነው።

ይህ ትምህርት በክርስትናው ዓለም በትግል የጸና ነው። በሦስተኛው መቶ ዘመን የተነሣው ማኒ ቁስን የክፉ ኃይል ወገን አድርጎ አስተማረ። ከእርሱ በፊት የነበሩ የግኖስቲክ መምህራንም ሥጋንና ምድርን ይንቁ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም አወገዘች። በአራተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ የስድስቱን ቀን ፍጥረት እየተነተነ ሲሰብክ፣ ሣሩንና ዓሣውን ሳይቀር የፈጣሪ ጥበብ ምስክር አድርጎ ቆጠረ። ክፋት በሰው ፈቃድ ይገባል እንጂ በዛፍ ሥር አይበቅልም፤ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ጦርነቶች ጋሞ ከማዕከላዊው መንግሥትና ከጳጳሱ ተቆረጠ። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የሚላክለት ካህን ሳይኖር ሕዝቡ በራሱ ቆየ። ሆኖም ነገሩ ሁሉ አልጠፋም። መስቀል የጋሞ ታላቁ በዓል ሆኖ ቀጠለ፤ ዛሬም ዮ ማስቃላ ተብሎ ሲከበር የራቀው ይሰበሰባል፣ የተጣላው ይታረቃል፤ ቀድሞም አዲሱ ሃላቃ በገበያው ሜዳ በክብር ይዞር ነበር። ጾምም በየቦታው ፍንጩ ቀረ። የክርስትናው ቅሪትና የአገሩ ወግ በአንድ ጓሮ አብረው አደጉ።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጦር ጋሞን ያዘ። ጨንቻ የአስተዳደር ከተማ ሆነች። መሬት ለሹማምንትና ለወታደር ተደለደለ፤ ገበሬው ገባር ሆነ። ካህናትም አብረው መጡ፣ በደጋው ላይም አብያተ ክርስቲያናት ታነጹ። ገባርነቱ ያቆሰለው ሕዝብ ከገዢው ጋር የመጣውን እምነት በቀላሉ ይቀበላል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል፤ ቢሆንም መስቀሉን ከጥንት ያውቀው ስለ ነበር ብዙው ሰው ተጠመቀ፣ ጾሙንም ያዘ። የአባቶቹን ደን ግን አልተወም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍም የአባቶች ደን ዛፍም ሳይነካ ቆመ፤ በአንዱ ኪዳን ሲደርስ በሌላው በግ ይታረድ ነበር።

በ1910ዎቹ ዓ.ም. ከዚሁ ከጋሞ ደጋ አንድ ያልተጠበቀ ድምፅ ተነሣ። ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ከአገር አገር እየዞረ ለመናፍስት መሠዋትን ተዉ፣ ፈጣሪን ፆሳን ብቻ አምልኩ ብሎ ሰበከ። ትምህርቱ በወላይታና በዙሪያዋ ባሉ አገሮች ሁሉ ተሰማ፤ የሰጣቸው ትእዛዛት ዐሥርቱ ቃላትን የሚመስሉ ነበሩ። ሰዎች ጎህ ሲቀድ እየተነሡ ጣታቸውን ማር ነክረው ወደ ሰማይ እየረጩ ወደ ፈጣሪ እንዲጸልዩ አስተማረ። ተከታዩ ሲበዛ ባለ ሥልጣናቱ ያዙት።

የኤሳን ነገር ብዙ ሰው የሚያነሣው ለኋላው ወንጌል መንገድ ጠራጊ ነው ሲል ነው። እኔ ደግሞ ማሩን ልብ እላለሁ። ኤሳ መናፍስትን ካደ፣ የንብን ሥራ ግን አልናቀም። ደም ማፍሰሱን አስቀርቶ የደጋውን አበባ ጣፋጭ ለሠሪው መልሶ ሰጠ። ፍጥረትን ሳያመልኩ ፍጥረትን ይዞ በፈጣሪ ፊት መቆም እንዴት እንደሚቻል አንድ የጋሞ ሰው ከኋለኞቹ ሚስዮናውያን በፊት አሳይቶ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታና በሆሳዕና ተቀመጡ፤ ቀጥሎም ወደ ጋሞ ደረሱ። የጣሊያን ወረራ ሥራቸውን አቋረጠው። በእ.ኤ.አ. 1937 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁ 48 ምእመናን ብቻ ትተው ነበር፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ጎረቤት ተራሮች ወጥተው ወንጌልን ሰበኩ። ኋላ ቃለ ሕይወት የተባለችው ቤተ ክርስቲያን በጋሞ ሥር የሰደደችው በእነርሱ ድካም ነው።

የእነዚህ አማኞች ጥሪ ጥርት ያለ ነበር። መሥዋዕቱን ተው፣ ጠንቋዩን ተው፣ ፍርሃቱን ተው። በጎሜ ስጋት ለኖረ ሰው ይህ ቃል ትልቅ ነጻነት ነበር፤ ልጇ የሞተባት እናት ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ሰማች። የአፕል ተክል ወደ ጨንቻ የገባውም በሚስዮናውያን በኩል ነው። ዛሬ የጨንቻ አፕል በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ ይጠራል፤ ብርዱ ለፍሬው ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ፍጥረትን መንከባከብ ከስብከቱ ጋር አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ይህ ራሱ ምስክር ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አዲሲቱ አርባ ምንጭ ወረደ። ከዚያ በኋላ ደጋው ጸጥ ባለበት ጊዜ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በዶርዜ ተቀምጦ የሕዝቡን እምነት አጠና። በእ.ኤ.አ. 1974 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ የዓለም ምሁራን የሚያውቁትን አንድ ነገር መዘገበ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ይጾማል ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ግን ረቡዕና ዓርብም ከብታቸውን ከነብር መጠበቅ አይተዉም።

ምሁራኑ በዚህ ነገር ላይ ስለ ሰው አስተሳሰብ ብዙ ተከራክረዋል። አማኝ ሆኖ ለሚያነበው ግን ሌላ መልእክት አለው። የዶርዜ ሰው ጾምን የተማረው ከሥጋ መከልከል አድርጎ ነው፤ በጾም ቀን ቢላዋ ወደ በግ አይነሣም። ስለዚህ የዓመቱን ግማሽ የሚያህል ቀን ፍጥረት ከሰው እጅ ያርፋል። ያንን ሰላም ወደ አውሬው ዘርግቶ፣ ነብሩንም ከማኅበሩ ቆጠረው። ከብቱን መጠበቁ ደግሞ ይህ ዓለም ገና ያልታረቀ መሆኑን ማወቁ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ነብር ከፍየል ግልገል ጋር የሚተኛበትን ዘመን ተስፋ አድርጎ የለ!

በእነዚያው ዓመታት፣ በእ.ኤ.አ. 1967፣ አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ሊን ኋይት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከባድ ክስ አቀረበ። የምዕራቡ ክርስትና ተፈጥሮን ለሰው መጠቀሚያ ብቻ አደረገ፤ ሚስዮናውያንም በዛፍ ውስጥ መንፈስ አለ ማለትን ጣዖት አምልኮ ብለው የተከበሩ ደኖችን ለዘመናት ቆረጡ ሲል ጻፈ። ኋይት ስለ ጨንቻ ያወቀው ነገር አልነበረም። ክሱ ግን ብዙ ሳይቆይ የጨንቻን በር አንኳኳ።

አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ወደ ገጠር ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። የገባርነት መቅረት ለጋሞ ገበሬ እፎይታ ነበር። ዘማቾቹ ግን የአገሩን ወግ ሁሉ ኋላ ቀርነት አድርገው አዩት። የሃላቃ ሹመትና መሥዋዕት ተነቀፈ፣ በየቦታውም ተቋረጠ። ደርግ ቆይቶ በወንጌላውያን አማኞችም ላይ ተነሣ፤ በደቡብ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ አገልጋዮችም ታሰሩ። አሮጌው እምነትም አዲሱ እምነትም በአንድ ዱላ ተመቱ። ደኖቹ በዚያ መካከል ጠባቂ አጡ፤ ጎሜን የሚፈራ ቀነሰ፣ በምትኩ ደኑን የሚያስከብር ሌላ ቃል አልመጣም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የእምነት ነጻነት ሲታወጅ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በደጋው እጅግ በፍጥነት አደጉ። በዶኮ የኖረችው እንግሊዛዊት አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን ይህን ለውጥ በዝርዝር ጽፋለች፤ ገበያው፣ ሽመናው፣ አፕሉና አዲሱ እምነት እየተያያዙ የሃላቃውን ሥርዓት እንዴት እንደ ለወጡት አሳይታለች። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በበኩላቸው ጥብቅ ደኖቹ ከሌላ ቦታ የጠፉ አገር በቀል ዛፎች መጠጊያ መሆናቸውን፣ ክልከላው በላላበት ቦታ ደግሞ እየተመናመኑ መሆናቸውን መዘገቡ። ምሳር ያነሣው ሁሉ አማኝ አልነበረም፤ የመሬት ጥበትና የማገዶ እጥረትም አለበት። ያም ሆኖ ደኑን የሰይጣን ቤት ብሎ፣ መቁረጡን የእምነት ማረጋገጫ አድርጎ የቆጠረ ነበረ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ፊት ለፊት ይምጣ። ቆራጮቹ ጌዴዎንን ይጠቅሳሉ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት የበኣልን መሠዊያ አፍርሶ የአሼራን ምስል የቆረጠውን። ጌዴዎን ግን የቆረጠው በሰው እጅ ለአምልኮ የተተከለ ምስል ነው፤ የጫካ ዛፍ አላሳደደም። ያው ኦሪት በዘዳግም ምዕራፍ 20 ሠራዊት ከተማ ሲከብ እንኳ የሚያፈራውን ዛፍ በምሳር እንዳያጠፋ ይከለክላል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ ጣዖቱ ከንቱ መሆኑን፣ ሥጋው ግን ከጌታ ምድር የመጣ መሆኑን አስተማረ፤ ለጢሞቴዎስም እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም እንደ ሆነ፣ በምስጋና ከተቀበሉት የሚጣል እንደሌለ ጻፈ። በግ ለመንፈስ ስለ ታረደ በግ ርኩስ ካልሆነ፣ በጥላው ሥር የታረደበት ጽድ በምን ይረክሳል? ጽዱን ማክሰኞ የፈጠረው ማን ሆነና? በዛፉ ላይ በቀል የሚፈጽም አማኝ ሳያውቀው የማኒን ትምህርት እየተከተለ ነው፤ ለሰይጣን ያልፈጠረውን ርስት እየሰጠው ነው።

ይህ ትምህርት በሥራ ሲተረጎም የሚታይበት ቦታ በአገራችን አለ። በደቡብ ጎንደር ከሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ይገኛሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ምድር ተራቁቶ እነርሱ ለምልመዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆኖ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ሲያስተባብር ቆይቷል፤ ካቡ ከብት እንዳይገባ፣ ማረሻም እንዳይገፋ ያግዳል፣ ችግኝ ከሥር ይበቅላል። ካህናቱ ዛፉን አያመልኩም። በጸሎታቸው ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ምድር ፍሬ ይለምናሉ፤ የለመኑለትን ደግሞ ይጠብቃሉ።

ጋሞም ለአገሪቱ ያስተማረው ነገር አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ብዙዎች ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች ቀድመው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ በእጃቸው የያዙት እርጥብ ሣር ነበር። አባት ሣር ይዞ ሲንበረከክ አልፎ መሄድ በጋሞ ወግ አይሞከርም። ወጣቱ ቆመ፣ ተመለሰ፤ የታሰበው በቀል ቀረ። ጋሞ ደግሞ የኦርቶዶክሱም የወንጌላዊውም አገር ነው። ከምድር የተነቀለ አንድ እፍኝ ሣር የሰው ደም መፍሰስን አስቀረ፤ ሣሩን ማንም አላመለከም፣ ማንም ግን አልናቀውም።

ስለዚህ ለጨንቻ ካህናት፣ ለቃለ ሕይወትና ለሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት መጋቢዎች፣ ለምእመናኑም ሁሉ የምለው አለኝ። መሥዋዕቱ የቀረበት፣ ጠባቂው ያረፈበት ደን በየቀበሌያችሁ አለ። ጎሜን ፍሩ የሚል የለም፤ ክርስቶስ ከፍርሃት ነጻ አውጥቷችኋል። በፍርሃት ይጠበቅ የነበረውን ግን በምስጋና ጠብቁት። ከአባቶች ጋር በዱቡሻው ተቀመጡ፣ ወሰኑን አስምሩ፣ ካብ ካቡለት፣ የጽድና የኮሶ ችግኝ አልሙ፤ ልጆቹንም በሰንበት ትምህርት ስለ ዘፍጥረት ስታስተምሩ ወደ ደኑ ይዛችኋቸው ሂዱ። በደኑ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ የምትጠጡት እናንተ ናችሁ። አምልኮው ስሕተት ነበር፤ ዛፉ ግን ምንም አላጠፋም።